ከባሮ ዳር እስከ ራስ ዳሸን፦ ወደ በረዷማው ተራራ በማኅበር ስለ መዘጋጀት

የጋምቤላን ሜዳና የራስ ዳሸንን አናት በአንድ ወሰን ውስጥ አጣምራ የያዘች አገር፥ ስለ ቆላና ስለ ደጋ፥ ስለ ሐሩርና ስለ ቍር ልጆቿን ለማስተማር ከውጭ ምሳሌ መዋስ አያስፈልጋትም። የጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ ዳር ከባሕር ወለል 526 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስትሆን፥ ለብዙ ዘመን በትምህርት ቤት መጻሕፍታችን 4,620 ሜትር ነው ሲባል የኖረውና በኋለኛው ልኬት 4,550 ሜትር ገደማ ሆኖ የተገኘው የራስ ዳሸን ጫፍ፥ ከእርሷ በላይ አራት ሺህ ሜትር ወደ ሰማይ ርቆ ይገኛል። በአንደኛው ስፍራ ሰው ከቀትር ፀሐይ ለመሸሽ የማንጎ ዛፍ ጥላ ሲፈልግ፥ በሌላው ስፍራ በዚያው ወር ከቤት ውጭ የቆየ ውሃ ሌሊቱን በብርድ ጠጥሮ ያድራል፤ በክረምትም ዝናቡ አንዳንድ ጊዜ ወደ አመዳይ ተለውጦ ዓለቱን ነጭ ያለብሰዋል።

ይህን ርቀት በእግሩ ሊለካ የሚወድ የቆላ ወጣት ዛሬ ብዙ ነው። በአዲስ አበባ ባለፉት ዓመታት በሳምንቱ መጨረሻ ወደ እንጦጦ፥ ወደ የረር፥ ወደ መናገሻና ወደ ወንጪ በቡድን የሚጓዙ ሰዎች በርክተዋል፤ ፍቅሩም ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች እየወረደ ነው። ነገር ግን ፍቅር ብቻውን ሰውን ከተራራ ጫፍ አያደርስም። በተራራ ሥራ የቆዩ ሰዎች ሁሉ የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር፥ ታላቁ ጉዞ የሚጀመረው ከተራራው ሥር ሳይሆን ከብዙ ሳምንታት በፊት፥ ከየሰዉ መንደር ነው የሚለው ነው። ስለዚህም በማኅበር ተራራ የሚወጡ ሰዎች፥ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፥ ከአጭሩ ወደ ረጅሙ፥ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው እያደጉ የሚሄዱ የማለማመጃ ጉዞዎችን አስቀድመው ያደርጋሉ። የእነዚህ ጉዞዎች ዓላማ ሦስት ነው፤ አንደኛው ሥጋን ማጠንከር፥ ሁለተኛው ደምንና ሳንባን ከሳሳው አየር ጋር ማስማማት፥ ሦስተኛው ጉዞውን በአንድነት የሚያደርጉትን ሰዎች እርስ በርሳቸው ማስማማት ነው። ከሦስቱም እጅግ የሚዘነጋው ሦስተኛው ሲሆን፥ በጭንቅ ሰዓት ሰውን የሚያድነው ግን እርሱ ነው።

ጋምቤላ ከቆላ ወደ ደጋ በማኅበር ለመጓዝ እንግዳ አይደለችም። በግንቦት ወር 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደ በኋላ፥ ወንዙ በክረምት ሲሞላ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል ሽቅብ ተጕዘው እስከ ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ጣቢያውም ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ተመልሶ በኢትዮጵያ እጅ እስከ ገባ ድረስ፥ የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና በዚህ በር ይወጣ ነበር። ይህ ቡና ግን ከደጋው ወደ መርከቡ የወረደው በሰው ትከሻና በበቅሎ ጀርባ ነው፤ በምትኩ የመጣው ጨርቅና ጨውም በዚያው ዐቀበት ተመልሶ ወጥቷል። በ2,085 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኘውን ጎሬንና የባሮን ዳር የሚያገናኘው ያ መንገድ፥ ሰውን ከአንድ የአየር ጠባይ ወደ ሌላው በጥቂት ቀን ውስጥ የሚያሻግር ታላቅ መሰላል ነበር። የሲራራ ነጋዴዎችም ያንን መንገድ የሚሄዱት በጥድፊያ ሳይሆን በሥርዓት ነው፤ ከንጋት በፊት ተነሥተው፥ ፀሐይ ሳትበረታ ሰፍረው፥ ጭነቱን በየዕለቱ አስተካክለው፥ የደከመውን እንስሳ ጠብቀው፥ ከማኅበሩም ማንንም በመንገድ ሳይተዉ ይጓዙ ነበር። ዛሬ የተራራ ጉዞ መምህራን በመጽሐፍ ጽፈው የሚያስተምሩት ሕግ፥ በመሠረቱ ከዚያ የነጋዴ ሥርዓት ብዙ የራቀ አይደለም።

በኢትዮጵያ ስለ አመዳይ የሚናገረው ማስረጃም የትናንት ነገር አይደለም። ኮስማስ የሚባለው የእስክንድርያ ሰው በስድስተኛው መቶ ዓመት፥ በዐፄ ካሌብ ዘመን፥ በአዱሊስ ወደብ ከነበረ የድንጋይ መንበር ላይ አንድ የግሪክ ጽሕፈት ቀድቶ አቆይቶልናል። የጽሕፈቱ መጀመሪያ በመጥፋቱ ስሙ ያልታወቀ አንድ የቀድሞ ንጉሥ፥ ከአንድ ወንዝ ማዶ ያሉትን የሰሜን ተራሮች ሰዎች እንዴት እንደ ወጋ በዚያ ጽሕፈት ሲናገር፥ ተራሮቻቸው ለመውጣት የሚያስቸግሩ፥ ጉምና ውርጭ የማይለያቸው፥ ሰውም እስከ ጕልበቱ በአመዳይ የሚሰጥምባቸው እንደ ነበሩ ይገልጻል። እንግዲህ በዚህች አገር በበረዶ ላይ በማኅበር የተደረገ ጉዞ ከሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ዜና አለው ማለት ነው። በኋለኛው ዘመን ደግሞ ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኰንኖች በ1841 እ.ኤ.አ. ራስ ዳሸንን እንደ ወጡ ተጽፏል፤ ነገር ግን የሰሜን እረኞችና ገበሬዎች ከእነርሱ በፊት ስንት ዘመን በዚያ ተራራ ላይ ከብትና በግ ሲያሰማሩ እንደ ኖሩ ለሚያስብ ሰው፥ መጀመሪያነት የሚባለው ነገር በወረቀት ላይ የተጻፈ መጀመሪያነት ብቻ ነው።

ከዚያም የጠለቀ ታሪክ በባሌ ተራሮች ተገኝቷል። በጥንታዊው የብርድ ዘመን የባሌና የሰሜን ከፍታዎች ግግር በረዶ ነበራቸው፤ በባሌም 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው ፊንጫ ሃበራ በሚባል የዓለት ጥላ ሥር፥ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እሳት አንድደው፥ የምድር ፍልፈል ጠብሰው እየበሉ ይኖሩ እንደ ነበር፥ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ የሊቃውንት ጥናት አስረድቷል። የሰው ልጅ በከፍታ ላይ መኖርን የተማረው ዛሬ አይደለም፤ የተማረውም ብቻውን ሆኖ ሳይሆን እሳቱን የሚጋራው ወገን ይዞ ነው።

አሁን የከፍታን ጠባይ እንመርምር። ብዙ ሰው በተራራ ላይ የኦክስጅን ድርሻ የሚቀንስ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን በባሮ ዳርም ቢሆን በራስ ዳሸን አናትም ያው ከመቶ 21 ያህል ነው፤ የሚለወጠው የአየሩ ግፊት ነው። በባሕር ወለል ላይ ያለውን ግፊት መቶ ብንለው፥ በጋምቤላ 94 ያህል፥ በጎሬ 78 ያህል፥ በራስ ዳሸን ጫፍ ደግሞ 57 ያህል ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በጫፉ ላይ የቆመ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን፥ በጋምቤላ ከሚያገኘው ከግማሽ ጥቂት ከፍ ያለ ብቻ ነው። አካል ይህን ጕድለት ሲያውቅ ትንፋሽን ያፈጥናል፥ የልብን ምት ያበዛል፤ ከዚያም ኵላሊት ቀይ የደም ሕዋስ እንዲበዛ የሚያዝዝ ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቅቃል። የመጀመሪያው በደቂቃዎች ውስጥ ይፈጸማል፤ የኋለኛው ግን ሳምንታት ይፈልጋል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ነው የመንገደኛው ፈተና።

ይህን ሳያውቁ ወይም አውቀው በመቸኰል ወደ ከፍታ የሚወጡ ሰዎችን የሚያገኛቸው የከፍታ ሕመም፥ አብዛኛውን ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ ይጀምራል፤ ምልክቶቹም ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽ፥ የምግብ ፍላጎት ማጣት፥ ድካምና የእንቅልፍ መቆራረጥ ናቸው። እስከዚህ ድረስ ያለው በዕረፍት ሊያልፍ ይችላል። ነገር ግን ሰውዬው ተቀምጦ ሳለ እንኳ ትንፋሽ ካጠረው፥ ሳሉ ካልቆመ፥ ወይም ሲራመድ እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገደና ንግግሩ ከተዛባ፥ ውሃ በሳንባው ወይም በአንጎሉ ውስጥ እየቋጠረ ስለሆነ፥ ነገሩ የሞትና የሕይወት ነገር ሆኗል ማለት ነው። ለዚህ ያለው ዋና መድኃኒት አንድ ነው፤ እርሱም ሌሊትም ቢሆን፥ ዝናብም ቢሆን፥ ሳይዘገዩ ሕመምተኛውን ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ማውረድ ነው።

በዚህ ነገር ውስጥ የሚያስደንቀው፥ የሥጋ ጥንካሬና ከከፍታ ጋር መላመድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። በጥቅምት ወር 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ፥ በ2,240 ሜትር ከፍታ ላይ በተደረገው የኦሎምፒክ ጨዋታ፥ በዘመኑ ከዓለም ታላላቅ ሯጮች አንዱ የነበረው አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ በ10,000 ሜትር ስድስተኛ ሆኖ ጨርሶ በመድረሻው ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ። በዚያው ውድድር የኬንያው ናፍታሊ ቴሙ ወርቁን፥ የእኛው ማሞ ወልዴ ብሩን ወሰዱ፤ ማሞም ከዚያ ቀጥሎ ማራቶኑን አሸነፈ። ክላርክ በጥንካሬ አልጐደለም፤ የጐደለው በከፍታ አየር ውስጥ የኖረበት ዘመን ነው። ስለዚህም ነው ፈጣንና ብርቱ የሆነው ወጣትም ከቸኰለ ሊታመም የሚችለው፤ እግሩ ከደሙ ቀድሞ ይወጣልና።

የቆላ ተወላጅ ይህን ሲሰማ ከፍታ ለእኔ አልተፈጠረም ብሎ ተስፋ መቍረጥ አይገባውም። እርግጥ ነው፥ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፥ የእነዚያ ደገኞች የሄሞግሎቢን መጠንና በደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የሚመሳሰል ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም በብዙ ትውልድ የተገኘ ጸጋ ነው። ነገር ግን በቆላ የተወለደውም ሰው ቢሆን ጊዜ ከተሰጠው አካሉ ይማራል። በየዓመቱ ወደ 5,895 ሜትሩ ኪሊማንጃሮ የሚወጡት ብዙ ሰዎች ከዝቅተኛ አገር የመጡ ናቸው። ልዩነቱ ያለው በመነሻው ሳይሆን በመንገዱ ርጋታ ላይ ነው።

እንግዲህ በጋምቤላ ወይም በኢታንግ፥ በአቦቦ ወይም በሜጢ ያሉ ወጣቶች በማኅበር ቢሰበሰቡ ዝግጅታቸውን እንዴት ይጀምሩ? ከሁሉ አስቀድሞ ያለው ሦስት ወር ያህል የሚፈጅ የሥጋ ልምምድ ነው። የኑዌር ከብት ጠባቂ በበጋና በክረምት መካከል ከብቱን ተከትሎ የሚሄደውን ረጅም መንገድ ለሚያውቅ ሰው፥ የጋምቤላ ልጅ መራመድ አይችልም ብሎ የሚናገር የለም። የሜዳ መንገድ ግን የማያስተምረው ነገር አለ፤ እርሱም ዐቀበትና ቍልቍለት ነው። በተለይም ቍልቍለት የጭንን ጡንቻ ሌላ ምንም ሥራ በማይጎዳው ዓይነት ይጎዳዋል፤ ስለዚህ ከጫፍ ደርሰው በሚመለሱበት ሰዓት ጕልበታቸው የሚከዳቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ በሜዳው ላይ መራመድ፥ ከዚያም በከረጢት ጥቂት ጭነት ተሸክሞ መራመድ፥ ቀጥሎም በአካባቢው በሚገኝ ኮረብታ ላይ ደጋግሞ መውጣትና መውረድ ይገባል። ጭነቱም ሆነ ርቀቱ በየሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር እንጂ በአንድ ጊዜ አይብዛ።

ሁለተኛው ደረጃ ከጋምቤላ በቦንጋ አድርጎ ወደ ቡሬና ወደ ጎሬ የሚወጣው መንገድ ነው። መንገዱ ሰላም በሆነበት ጊዜ፥ ማኅበሩ እስከ ዐቀበቱ ሥር በመኪና ሄዶ ከዚያ በእግሩ ወደ ደጋው ጠርዝ ቢወጣ፥ አንድ ሌሊት አድሮ ቢመለስ፥ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ዐቀበትን፥ የጫካ ጭቃን፥ የሌሊት ብርድንና ጭነትን በአንድነት ያያል። በዚህ ጉዞ ጫማው የማንን እግር እንደሚያቆስል፥ ማን ውሃ እንደሚያሳንስ፥ ማን ደክሞት ሳለ ደከመኝ ማለትን እንደሚያፍር ይታወቃል። እነዚህ ነገሮች በጎሬ ዐቀበት ላይ ቢገለጡ ትምህርት ናቸው፤ በራስ ዳሸን ላይ ቢገለጡ ግን አደጋ ናቸው።

ሦስተኛው ደረጃ የመካከለኛው ደጋ ነው። እስከ 3,200 ሜትር የሚደርሰው እንጦጦ ሯጮቻችን በየማለዳው የሚሠለጥኑበት ስለሆነ፥ ለቆላ መንገደኛ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ወደ ሦስት ሺህ ሜትር የሚጠጋው ዝቋላ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ የሚያስተምር ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የጥቅምትና የመጋቢት አምስት የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል ሲደርስ፥ ሽማግሌውና ወጣቱ፥ እናትና ሕፃን በአንድ መንገድ እስከ ገዳሙ ሲወጡ የሚያይ ሰው፥ ዐቀበትን የሚያሸንፈው የእግር ፍጥነት ሳይሆን የልብ ጽናትና የወገን መደጋገፍ መሆኑን በዓይኑ ይመለከታል። በእነዚህ ከፍታዎች ላይ ጥቂት ቀን የቆየ ሰው ወደ ሰሜን ሲሄድ አካሉ በከፊል ተዘጋጅቷል። ነገር ግን ይህ መላመድ የሚጸና አይደለም፤ ሰውዬው ወደ ጋምቤላ ተመልሶ ጥቂት ሳምንት ከቆየ ያገኘውን ያጣዋል። ስለዚህ የሥጋው ልምምድ ከወራት በፊት፥ የከፍታው መላመድ ግን በጉዞው ዋዜማ እንዲሆን መርሐ ግብሩ በጥንቃቄ ይዘጋጅ።

በዚህ ላይ የጋምቤላ ሰው በተለይ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ወባ ነው። የወባ በሽታ ትንኟ ከነከሰች በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 30 ቀን ድረስ ተደብቆ ቆይቶ ስለሚነሣ፥ ጤነኛ ሆኖ ከባሮ ዳር የተነሣ ሰው በሰሜን ድንኳን ውስጥ ሊታመም ይችላል። በዚያን ጊዜ ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ከከፍታ ሕመም ጋር ስለሚመሳሰል ባልንጀሮቹ ሊሳሳቱ፥ በተራራው አገር ያለውም ሰው ወባን ሊዘነጋ ይችላል። ስለዚህ ከመነሣት በፊት መመርመር፥ በአጎበር ሥር ማደር፥ ትኵሳት የመጣበትም ሰው ከወባ አገር መምጣቱን ለጤና ባለሙያ ወዲያውኑ መናገር ግዴታ ነው። የማጭድ ቅርጽ ያለው የደም ሕዋስ በዘሩ ያለበት ሰውም በከፍታ ላይ ጣፊያው ሊጎዳ ስለሚችል፥ እንዲሁም የልብ፥ የሳንባና የደም ማነስ ሕመም ያለበት ሁሉ፥ ሐኪም ሳያማክር አይነሣ።

ብርዱም የራሱ ዝግጅት አለው። ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ሙቀት ስለሚቀንስ፥ በጋምቤላና በራስ ዳሸን ጫፍ መካከል ያለው ልዩነት 26 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ በጋምቤላ 35 ዲግሪ በሆነበት ቀትር በጫፉ ላይ 9 ዲግሪ ቢሆን ነው፥ ሌሊቱም ከዜሮ በታች ይወርዳል። ቆላ የኖረ ሰው ይህን ለመቋቋም አንድ ወፍራም ካፖርት የሚበቃው ይመስለዋል፤ ጥበቡ ግን መደራረብ ነው። ከሥር ላብን የማይዝ ልብስ፥ ከመካከል የሱፍ ሹራብ፥ ከላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ለብሶ፥ ሲወጣ አውልቆ፥ ሲቆም መልሶ መልበስ ይገባል፤ በላብ የረጠበ ልብስ በቆመ ሰው ላይ ከበረዶ የከፋ ብርድ ነውና። ጓንት፥ የጆሮ መሸፈኛ ቆብ፥ የደረቀ መለዋወጫ ካልሲ፥ የእጅ ባትሪና ስሊፒንግ ባግ ሊጐድሉ አይገባም። ምግብም ቢሆን በዚያ ከፍታ ውሃ በ85 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም፤ እሳት የማይፈልጉት በሶ፥ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ለዚህ የተፈጠሩ ይመስላሉ። አያቶቻችን ለስንቅ የመረጧቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሰሜን መንገድ ይከፈታል። በ1978 እ.ኤ.አ. ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፈው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያው ደባርቅ ነው፤ በዚያም መንገድ መሪ፥ መሣሪያ የያዘ ስካውትና ባለ በቅሎ ይያዛሉ። ከደባርቅ ተነሥቶ በ3,250 ሜትር ሳንቃበር፥ በ3,600 ሜትር ግጭ፥ በ3,620 ሜትር ጨነቅ እያደሩ መሄድ ራሱ ጥሩ የመላመጃ ሥርዓት ነው፤ ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ስፍራ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል፥ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም አንድ ቀን እንዲታረፍ ይመክራሉና። ጭላዳው በጅብራው መካከል ሲግጥ፥ ዋልያውም በገደሉ ጠርዝ ላይ ቆሞ ሲታይ፥ ርጋታ ቅጣት ሳይሆን በረከት መሆኑ ይታወቃል። ከጨነቅ የሚነሣው ማኅበር የቧሂትን ከፍታ ተሻግሮ፥ ወደ መሸሃ ወንዝ ሸለቆ እጅግ ወርዶ፥ እንደገና ወደ አምቢቆ ወጥቶ በ3,200 ሜትር ያድራል። በማግሥቱ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ተነሥቶ 1,350 ሜትር ያህል ዐቀበት በአንድ ቀን ይወጣል፥ ይመለሳልም።

አመዳይ ያገኘው ማኅበር ደግሞ ጥንቃቄውን ይጨምር። አዲስ የወረደ አመዳይ መንገዱን ይሸፍናል፥ ዓለቱን ያንሸራትታል፤ ፀሐይ ስትወጣም ብርሃኑን ወደ ዓይን መልሶ ስለሚወረውር፥ ያለ ጥቍር መነጽር የሚጓዝ ሰው ለሰዓታት ዓይኑ ሊታወር ይችላል። የረጠበ ጫማ ጣትን ያደነዝዛል፤ የደነዘዘ ጣትም በእሳት አጠገብ አይሞቅ፥ አይታሽም፥ በሰው ገላ ሙቀት ቀስ ብሎ ይሙቅ እንጂ። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንዱ የሌላውን ፊት፥ አፍንጫና እጅ እያየ መጠየቅ አለበት፤ ሰው የራሱን መደንዘዝ አያይምና።

አሁን ሦስተኛው ዓላማ ወደምንለው ነገር ደረስን። በማኅበር መውጣት ማለት ብዙ ሰዎች በአንድ ቀን በአንድ ተራራ ላይ መገኘት ብቻ አይደለም። አንድ መሪ ይኑር፥ ቃሉም ይሰማ፤ ከመሪው ቀጥሎ ፈጣኑ ሳይሆን ደካማው ይሂድ፥ ርምጃውም በእርሱ ይለካ፤ ከሁሉ ኋላ ልምድ ያለው ሰው ይሁን፥ ከእርሱም በስተኋላ ማንም አይቅር፤ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ የአንዱ ጠባቂ ይሁኑ፤ በየዕረፍቱ ሰው ይቈጠር። የመመለሻ ሰዓትም ከመነሣት በፊት ይወሰን፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ እንመለሳለን ከተባለ፥ ጫፉ በዓይን እየታየ እንኳ ቢሆን 6 ሰዓት ሲሆን ይመለሱ። ይህ ውሳኔ እጅግ ከባድ ነው፤ ብዙ ወጪ፥ ብዙ ልፋትና ብዙ ተስፋ የፈሰሰበትን ነገር በጥቂት መቶ ሜትር ትቶ መመለስ ነውና። ነገር ግን አስቀድሞ በማለማመጃ ጉዞዎች ላይ አብሮ መታገሥን፥ ደከመኝ ብሎ ያለ ሐፍረት መናገርን፥ ባልንጀራን ማድመጥን የተማረ ማኅበር ይህን ውሳኔ ያለ ጠብ ይፈጽመዋል፤ ያልተማረው ግን በዚያች ሰዓት ይከፋፈላል። አደጋ የሚገባው በዚያ ስንጥቅ ነው።

ስለዚህ የማለማመጃ ጉዞ ለሥጋ ብቻ የሚደረግ ነገር አድርጎ የሚያየው ሰው ግማሹን ብቻ አይቷል። በጋምቤላ አኝዋውና ኑዌሩ፥ ማጃንጉ፥ ኦፖውና ኮሞው፥ ከደጋም መጥቶ በዚያ የኖረው ወገን በአንድ ከተማ ይኖራሉ። የእነዚህ ልጆች በአንድ ገበታ በሶ በጥብጠው፥ በአንድ ድንኳን አድረው፥ አንዱ የደከመውን የሌላውን ጭነት ተሸክሞ ሦስት ወር ቢለማመዱ፥ ራስ ዳሸን ቢደርሱም ባይደርሱም ትልቁን ነገር አግኝተዋል። ወደ ሰሜንም ሲደርሱ የደጋው ገበሬ ባለ በቅሎ መንገድ ይመራቸዋል፤ እነርሱም በበኩላቸው የባሮን ነገር ይነግሩታል። አገር የሚተዋወቀው በእንዲህ ያለ መንገድ ነው።

የጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ፥ የከተማው ትምህርት ቤቶች፥ የክልሉ የስፖርትና የወጣቶች መሥሪያ ቤቶች ይህን ነገር በቀላል ዋጋ ሊጀምሩት ይችላሉ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያስፈልገው ጫማ፥ ውሃ፥ አንድ የጤና ባለሙያና የማለዳ ሰዓት ብቻ ነውና። አንተም ወጣት አንባቢ፥ አንቺም እኅቴ፥ የበረዶውን ጫፍ ብትመኙ ዛሬ የምትጀምሩት በሰሜን ሳይሆን በደጃችሁ ካለው መንገድ ነው። ብቻችሁን አትነሡ፥ ባልንጀራ ፈልጉ፤ በሐኪም ተመርመሩ፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጨምሩ፤ ስትወጡ በደካማው ርምጃ ሂዱ፥ ተመለሱ ስትባሉም ተመለሱ። ተራራው ነገም በስፍራው ይገኛል፤ ማኅበሩ ሁሉንም ይዞ በደኅና ወደ ቤቱ እንዲገባ ማድረግ ግን የእናንተ ኀላፊነት ነው።